ሐሙስን አልዘልም

በጸሎቷ በሬ ገድላለች ተብዬ ሸንጎ የቀረብኩ ሴት ነኝ። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስቄ ነበር፤ ኋላ ነገሩ እናቴን ያለ ቀባሪ ሊያስቀራት ሲል ነው ሳቁ የቀረው። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። በሰው አፍ ስንት ተብሏል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከእኔ ከራሴ ይሰማ ብዬ ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚያወርደው የእግር መንገድ ዳር ነው። እንግዶች መድፍ የተሠራበትን ቦታ ለማየት ሲወርዱ በደጃችን ያልፋሉ። እኛ እዚያ የምናውቀው ገብሱንና ጭቃውን ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ቄስም ደብተራም አልነበረም። በልጅነቱ ቤተ ክህነት ትምህርት ጀምሮ አባቱ ሲሞትበት ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ዳዊቱን ግን ይዞ ተመለሰ። ጎህ ሲቀድ ደጃፉ ላይ ቆሞ የቀኑን ድርሻ ሳይደግም በሬ አይጠምድም ነበር። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ ሰኞ ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ ቅዳሜ በምስጋና ይጠናቀቃል። አባቴ ዝናብ ነው፣ ምጥ ነው፣ ለቅሶ ነው ብሎ አንድ ቀን ሲያጓድል አላየሁም።

ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ እኔን ጠራኝ። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ይሁን ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ እንጃ። እኔ ከመጽሐፉ አነባለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ይከተለኛል። ስሳሳት በከዘራው መሬቱን መታ ያደርጋል፤ ተመልሼ አነባለሁ። ግእዙ ሲከብደኝ በአማርኛ ይፈታልኛል። እንዲያ እንዲያ እያልኩ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። አንድ ቀን ታዲያ ሆዴ አላስችል ብሎኝ፣ «አባዬ፣ ዳዊት ንጉሥ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያማርራል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ንጉሥማ ለማን ያማርር?» አለኝ። «ከሱ በላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱን ካልሞገተ ማንን ይሞግታል?» ከዚያ ወዲያ ስለ እምነት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል የገባኝ ግን የለም።

እንደ እኩዮቼ እኔም ዐረብ አገር ሄድኩ። የሰው ቤት ሠራተኛ ሆንኩ። ዳዊቴ ገና በገባሁ ዕለት ከሻንጣዬ ወጥቶ የት እንደ ደረሰ አላውቅም። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። መጽሐፉን ወሰዱት፣ ያባቴን ከዘራ ግን ከጆሮዬ ሊወስዱት አልቻሉም። ሸሚዝ እየተኮስኩ ሰኞን፣ ሰሐን እያጠብኩ ማክሰኞን፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ በልቤ እደግም ነበር። ከንፈሬ ከተንቀሳቀሰ፣ «ምን እያልሽ ነው? መተት ነው?» የምትል እመቤት ነበረችኝ።

እኛ ሴቶች ከልጅነታችን የምንማረው አንድ ቃል ነው፤ ተመስገን በይ። ባልሽ መታሽ፣ ተመስገን በይ። ልጅሽ ሞተ፣ ተመስገን በይ። እኔም እዚያ ሆኜ ተመስገን ስል ከረምኩ። አንድ ቀን ቃሉ እምቢ አለኝ። አባቴ መሞቱን በስልክ የሰማሁ ሰሞን ነበር። ያን ጊዜ ዳዊት ራሱ እግዜርን ተኝተሃል ወይ፣ ፊትህን ለምን ታዞርብኛለህ፣ እስከ መቼ ነው እያለ እንደሚጠይቀው ትዝ አለኝ። እኔም ጠየቅኩ። በዳዊት አፍ ተጣላሁት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አለቀስኩ፣ ተናገርኩ፣ ወቀስኩ። ከዚያ በኋላ ነው ተመስገን ማለት የቻልኩት፤ ያኔ የወጣው ተመስገን የኔ ነበር። ለራሴም ቃል ገባሁ። አገሬ ከገባሁ ዳዊቴን በልቤ አልደግምም። ደጄ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን አውጥቼ ነው የምደግመው።

ተመለስኩ። እናቴ እግሯ አብጦ፣ ልቧ ደክሞ ጠበቀችኝ። የአባቴ መሬትም ጠቦ ጠበቀኝ። የድንበር ጎረቤታችን፣ አባቴ ክርስትና ያነሳው፣ ቤታችን በልቶ ያደገ ሰው፣ በየዓመቱ ሲያርስ አንድ አንድ ትልም ወደኛ እየጨመረ ወሰኑን ገፍቶታል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ባሕር ማዶ ያለች አሮጊት ምን ታመጣለች ብሎ ነው። ብጠይቀው ሳቀ፤ «አንቺ እኮ ብዙ ዓመት አልነበርሽም፤ ረስተሽው ነው» አለኝ። ቀበሌ ሄድኩ። የመሬት ባለሙያው መስክ ወጥቷል አሉኝ። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ ቀንም ሄድኩ፤ እሱን አትጠይቁኝ።

እኔም የአባቴን ዳዊት ይዤ ደጄ ላይ ቆምኩ። ሰኞ ሰኞን፣ ማክሰኞ ማክሰኞን ደገምኩ። ሐሙስ ሲመጣ ሐሙስን ደገምኩ።

የሐሙስ ድርሻ ውስጥ አንዲት መዝሙር አለች፤ መቶ ስምንተኛዋ። በአገራችን ግእዝ የማያውቀውም ያውቃታል፤ ግፈኛን ከነዘሩ አንስታ እግዜር ፊት የምታስቀምጥ መዝሙር ናት። የተበደለ ሰው ደብተራ ዘንድ ሄዶ አስደግምበታለሁ ብሎ የሚዝተው በሷ ነው። ለዚህ ነው ሰው «ዳዊት ተደገመበት» ሲባል የሚደነግጠው። እኔ ግን በማንም ላይ ላስደግም ደብተራ ቤት አልሄድኩም። ከሰኞ ጀምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሐሙስ ስደርስ ባገኘኋት ቦታ ደገምኳት።

መስከረም ላይ ማሳው ሁሉ ማገጥ በሚሉት ለምለም ሣር ይሸፈናል። ከብት ያንን በጤዛው ከጋጠ ሆዱ ይነፋል፤ ቶሎ ካልደረሱለት ይሞታል። ይህን እኛ አገር የማያውቅ የለም። የጎረቤታችን በሬ ሌሊቱን ገመዱን በጥሶ ማገጥ ውስጥ ገብቶ አደረ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ረፋድ ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ወደቀ። ቀኑ ደግሞ፣ የኔ ነገር፣ ሐሙስ ነበር።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ሰማ። ዳዊት ደግማበት በሬውን ገደለችው ተባለ። ወፍጮ ቤት ስገባ ወሬው ቆመ። አንዷ እህሏን ከእህሌ ራቅ አደረገች። ዐረብ አገር ይህን ተምራ መጣች አሉ። ዐረብ አገር ዳዊት ያስተምሩ ይመስል። ጉድ በል ጎንደር አልኩና እህሌን አስፈጭቼ ወጣሁ።

የንስሐ አባታችን መጡ። ደግ ሰው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ላይ አፍ መክፈት አይከብድም። እናቴን አሳለሙ፣ እኔን አሳለሙ፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ድገሚ። ማን ይከለክልሻል» አሉኝ። «ያችን አንዷን ብቻ እለፊያት። ከመቶ ሃምሳው አንዷ ብትጎድል ምን ይመጣል? አገር ይረጋጋል።»

«አባቴ፣ አንቱ ሲቀድሱ ሰው ያልወደደውን እያለፉ ነው?» አልኳቸው።

«እሱማ ሥርዓት ነው።»

«ይሄም ያባቴ ሥርዓት ነው። ደግሞስ በዚያው በሐሙስ ድርሻ ውስጥ ዘጠናኛዋ አለች። ልጃቸው ሲታመም እሷን ድገሚልን ብለው ደጄን የሚቆረቁሩት እነሱው ናቸው። ያን ጊዜ ድምፄ አልከፋቸውም። የዘጠናኛዋን ጥላ ወደው የመቶ ስምንተኛዋን ቁጣ ሲጠሉ ምን ልበላቸው? ሐሙስ የከፋውን ለአምላኩ ያልተናገረ ሰው ቅዳሜ ምን ብሎ ያመሰግናል? በአፉ ብቻ ነው የሚሆነው።»

እሳቸውም መስቀላቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «አፍሽስ አይቻልም» አሉኝ። ተናደው እንዳልሆነ ድምፃቸው ይናገር ነበር። ግን ሽማግሌ ከመቀመጡ አላስቀሩልኝም።

ሸንጎው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ጥዱ ሥር ነበር። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ሰው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤታችን የበሬውን ቆዳ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሚስቱ ከሴቶቹ መሃል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እኔ ቆሜያለሁ። የእድሩ ዳኛ የሆኑት ትልቁ ሽማግሌ ነገሩን አለሳልሰው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ክፉ አታናግሪን። አንድ ነገር ብቻ ነው የምንፈልገው። መስቀሉን ያዢና በዚያች መዝሙር ይህን ሰው አንስቼው አላውቅም ብለሽ ማይ። በዚህ ይለቅ፣ ሁላችንም ወደ ሥራችን እንሂድ።»

ሰው ሁሉ ቀለል አለው። እንዲያውም አንዳንዱ ለመነሳት ነጠላውን አሰናዳ። የንስሐ አባቴ መስቀሉን ወደኔ ዘረጉልኝ። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። እጄን ላስነካው ስል መለስኩት። እውነቱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከፊቴ ያለው መስቀል ደግሞ የሰው ዕቃ አይደለም።

«አልምልም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልምልም። አንስቼዋለሁ። ትልሙ ወደኛ በገባ ቁጥር አንስቼዋለሁ። በሬው ይሙት አላልኩም፤ በሬው ምን አደረገኝ፣ የተነዳበትን ያረሰ ነው። ሰውየውን ግን ለእግዜር ነግሬዋለሁ። ለማን ልንገርላችሁ? ቀበሌው መስክ ወጥቷል። እናንተ አልጠየቃችሁኝም። በዚህ አገር ወሰኑን የተገፋ ወንድ ምን እንደሚያነሳ ታውቃላችሁ፤ ስንቱን በጥይት ቀብራችሁ አልቅሳችኋል። እኔ ያነሳሁት ዳዊት ነው። እጄን ሰብስቤ ነገሬን ለባለቤቱ ከሰጠሁ፣ ሌላ ምን አድርጊ ትሉኛላችሁ?»

ጎረቤታችን ብድግ አለ። «ይኸው ሰማችሁ፣ ራሷ አመነች» አለ።

«አንተ፣ ስምህን በመዝሙሩ ውስጥ ሰማኸው ወይ?» አልኩት። «ስም የለበትም። ግፈኛ ነው የሚለው። ታዲያ አንተ መሆንህን በምን አወቅህ?»

ቆዳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። ከሴቶቹ መሃል አንዷ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ አሰማች። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ግን አልቆየም፤ ዳኛው ከዘራቸውን አንስተው፣ «የዛሬው ጉዳይ በሬው ነው፤ ወሰኑ አይደለም» አሉ። እኔ ይህን ስሰማ የተናደድኩትን መናደድ ምን ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። በሬ ሲሞት አገር ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ የመበለት መሬት ሲታረስ ግን ሌላ ቀን ነው።

ፈረዱብኝ። ያችን መዝሙር ትቻለሁ እስክትል ድረስ ከእድር ትውጣ፣ እሳትም አይጫጫሯት ተባለ። እድሩ ደግሞ በሰው አይደለም፣ በቤት ነው። እኔ ስወጣ እናቴ አብራኝ ወጣች። በዚያ በደከመ ልቧ፣ ነገ ብትሞት ጥሩምባ የሚነፋላት፣ መቃብር የሚቆፍርላት፣ ቃሬዛዋን የሚያነሳ አይኖርም ማለት ነው። እነሱም ይህን አውቀው ነው የፈረዱት። እኔን የሚያስፈራኝ ነገር እንደሌለ ሲያዩ በእናቴ መጡ።

ከሸንጎው ስመለስ እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ገብስ ትለቅማለች። ሁሉን ነገርኳት። ያን ሁሉ አፍ ጥዱ ሥር ጨርሼው ስለነበር ቤቴ ስገባ የቀረኝ ለቅሶ ብቻ ነበር።

«እተዋታለሁ እማዬ» አልኳት። «ላንቺ ስል እተዋታለሁ። ድምፄን ሳላወጣ በልቤ እላታለሁ።»

«በልብሽማ ዐረብ አገር ብለሻታል» አለች፣ ከገብሱ ቀና ሳትል።

«ብትሞችስ? ማን ይቀብርሻል?»

«እኔ የምቀበረው አንድ ቀን ነው። አንቺ ግን ሁልጊዜ ትኖሪያለሽ። አፍሽን ለጉመሽ ልትኖሪ ከሆነ እዚያው ብትቀሪ ምን ነበረበት?» ጠጠሩን ከገብሱ ለይታ ወረወረች። «አባትሽ ዓይኑ የጠፋ ጊዜ እንኳ ሐሙስን አልዘለለም። ይልቅ ይህን ገብስ አግዥኝ፤ ወገቤን አመመኝ።»

ገብሱን ለቀምን። ሐሙስ ሲመጣ ደጄ ላይ ቆምኩ። አልፈራሁም ብል ዋሾ ነኝ፤ ድምፄ መጀመሪያ ላይ ተሰበረ። ዘጠናኛዋን አለፍኩ፣ መቶኛዋን አለፍኩ፣ ያችኛዋ ላይ ስደርስ እናቴ ከውስጥ፣ «አይሰማኝም፣ ጎላ አድርጊው» አለችኝ። ጎላ አደረግሁት። ከአጥሩ ማዶ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

እንዲህ ሆኖ በጋው አለፈ። መገለል ምን እንደሆነ ያልቀመሰ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ማንም አይሰድብህም፤ ሰላምታ ስታቀርብ ብቻ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ያደርጋል። በዓመት በዓል ድግስ አትጠራም፣ የሞተ ሲኖር ብትሄድ ቦታ አይለቀቅልህም። አንዳንድ ቀን ይህ ሁሉ ለአንዲት መዝሙር ነው ወይ እል ነበር። ዳዊት ራሱ ወዳጆቹ ሲሸሹት፣ ጎረቤቶቹ ሲጸየፉት የተናገረው ያን ሰሞን ነው ከቃሉ አልፎ አጥንቴ ውስጥ የገባው። ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ኖሯል፤ ቆሞም አልዘፈነም፣ አማርሯል፤ ቤተ ክርስቲያን ምሬቱን ወስዳ ጸሎት አድርጋዋለች። ያልቆረጠችውን እኔ ልቁረጥላት? አልቆርጥም።

እናቴ ሐምሌ ላይ ሞተች። ሕመሙ ሲጠናባት እህቷ ከገሳይ መጥታልን ስለነበር አብረን አደርን። ጎህ ሊቀድ ሲል አረፈች። አክስቴ እሪ አለች፤ እሪታዋን ዝናቡ ዋጠው። ጥሩምባ አልተነፋም። ደጃፌን ከፍቼ ብጠብቅ የመጣ የለም። ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። «ፍትሐቱን እኔ አደርሳለሁ፤ እሱን የሚያግድ እድር የለም» አሉኝ። «ቆፋሪውንና ተሸካሚውን ግን...» ብለው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም፤ እኔም አልጠበቅኳቸውም። ቤቴ ተመልሼ ዶማና አካፋ ይዤ ወጣሁ።

ሴት መቃብር ስትቆፍር በእኛ አገር አልታየም። እኔ ቆፈርኩ። አባቴ ጎን ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቆፈርኩ። ጭቃው ከአካፋው አይላቀቅም፤ አንድ ሳወጣ ሁለት ይናዳል። እጄ ዐረብ አገር ውሃና ሳሙና የለመደ እጅ ነው፤ ወዲያው ተላጠ። እያለቀስኩ፣ እየተሳደብኩ፣ መሃል መሃሉ ላይ ዳዊት እየደገምኩ ነበር። ምን ቀን እንደነበር አላስታውስም። የቀኑን ድርሻ አይደለም፣ አፌ ላይ የመጣውን ነው የደገምኩት።

«እንዲያ አይያዝም» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። የጎረቤታችን ሚስት ናት። በዝናቡ ውስጥ ብቻዋን ቆማለች፤ ሻሿ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። እሳት አይጫጫሯት የተባልኩ እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ በሬ ገደለች የተባልኩበት ቤት እመቤት። ዶማውን ከእጄ ወሰደችና መቆፈር ጀመረች። እሷ ስትቆፍር እኔ አፈሩን አወጣሁ። ቆይቶ ሁለት ሴቶች መጡ፣ ከዚያ ሌሎች። አንዷ የወፍጮ ቤቷ ናት፤ እህሏን ያራቀችው። በድንጋይና በእንጨት ሁሉ ጭቃውን ይገፉ ጀመር።

ሴቶች መቃብር እየቆፈሩ ነው የሚለው ወሬ ከጥሩምባ ይፈጥናል። ወንዶቹ አንድ በአንድ መጡ። ማንም ና አላላቸውም፤ እፍረት ነው የጠራቸው። አካፋውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ሌሎቹ ቤት ሄደው እናቴን በቃሬዛ ይዘዋት መጡ። ጎረቤታችን ከሁሉም ኋላ መጣ። ዶማውን ከሚስቱ እጅ ወሰደ፤ ሚስቱንም እኔንም ሳያይ ጥልቀቱን ማውጣት ጀመረ። ጠላሁት። እናቴን መሬቷን ነጥቀህ መሬት ታገባታለህ ብዬ ልጮህበት ነበር። ግን ዶማውን አልቀማሁትም፤ በደንብ ይቆፍር ነበር።

እናቴ በሰው መሃል ተቀበረች። ትስቅ ነበር ብታይ።

በሣልስቱ የእድሩ ዳኛ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ። ተቀመጡ፣ አጽናኑኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ነገሩ በዚህ ይብቃ» አሉ። «አንቺም አንድ ይቅርታ በይና ወደ እድርሽ ተመለሺ።»

«አባቴ፣ ስለ መጡልኝ እግዜር ያክብርልኝ» አልኳቸው። «ይቅርታ የሚል ሰው ግን ሌላ ነው። ትልሙን ይመልስና እሱ ይበል።»

እርስ በርስ ተያዩ። «ያንተ ልጅ ባትሆን ኖሮ» አሉ ዳኛው፣ ወደ አባቴ መቃብር አቅጣጫ ቀና ብለው። ተነስተው ሄዱ። እድሩ እስከ ዛሬ በወግ አልመለሰኝም፤ ትልሙም አልተመለሰም። ጎረቤታችን ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አልጨመረበትም፤ ሞፈሩ እዚያው የቆመበት ላይ ይዞራል። እኔም ቀበሌ መመላለሴን አልተውኩም፤ ባለሙያው አንድ ቀን ከመስክ መመለሱ አይቀርም። ሐሙስም አልቀረም።

በዚያው በሣልስቱ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የጎረቤታችን ሚስት ወደ ኋላ ቀረች። ሰሐኖቹን አጥባ ደረደረች፣ ደጁን ጠረገች፣ የሚሠራ ሲጠፋ ደግሞ የተጠረገውን መልሳ ጠረገች። የምትለው ነገር እንዳላት ገብቶኛል። ስለ ወሰኑ ልታማልደኝ ነው ብዬ አፌን አሰናድቼ ጠበቅኳት።

«ያችን የሐሙሷን ታስተምሪኛለሽ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ፊደል ትለያለሽ?»

«አልለይም።»

«እሷ ዘንድ እስክትደርሺ ብዙ ሐሙስ ያልፋል።»

«ይለፍ።»

አየኋት። ስንት ዓመት ከአጥሩ ማዶ የኖረች ሴት ናት፤ ምን እንደሚያማት፣ ምን እንደሚያስለቅሳት ጠይቄያት አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ በሩን የሚዘጋው ባሏ ነው፤ እሷ በሩ ውስጥ ሆና ስትሰማኝ ነው የኖረችው ለካ። ሴትነቴ ነው መሰል አላስቻለኝም፤ «ማንን ልታነሺባት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እሱን ለእግዜር ነው የምነግር» አለችኝ፤ «ላንቺ አይደለም።»

ዳዊቱን አመጣሁ። ገና ለጊዜው አያስፈልጋትም ነበር፤ ግን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ የከሰል ስባሪ አነሳሁና መደቡ ላይ ሀ ብዬ ጻፍኩላት።